በሆጤ የተለካ ቤንዚን

ባለፈው ሰሞን ደሴ ውስጥ ከሆጤ ወደ ፒያሳ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ዳገት ላይ ሁለቴ አስነጠሰችና ቀጥ አለች። ሾፌሩ ምንም አልደነገጠም። ወርዶ ከተቀመጥኩበት ወንበር ሥር የውሃ ፕላስቲክ ሲጎትት፣ ጥሙን ሊቆርጥ መስሎኝ ለእኔም እንዲያተርፍልኝ ልነግረው ነበር። ክዳኑን ሲከፍተው ቤንዚን ነው። ለካ ያን ሁሉ መንገድ ፈንጂ ታቅፌ ነው የመጣሁት! «አብሽሩ አባባ፤ ማደያው ሰልፍ ስለሆነ እንጂ…» አለኝ። አባባ! ስድሳን ላለመድፈን በጥርሴም በጥፍሬም የምታገል ሰው ነኝ፤ እንኳን አባባ፣ ጋሼ ሲሉኝም ያመኛል። ያዘጋጀሁት ስድብ ከጉሮሮዬ ሊወጣ ሲል የቤንዚኑ ሽታ ቀድሞ በአፍንጫዬ ገባና ወደ ኋላ መለሰው።

ሌላው ሰው የወጣትነት ፍቅሩ በሽቶ፣ በአሪቲ፣ በአደስ ቅቤ ይታወሰዋል። የእኔ በቤንዚን ነው። ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ሳታነበው እንደማትቀር አውቃለሁ። ታሪኩን ስንት ጊዜ ስለነገርኳት ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለችና፣ ያጋነንኩበት ቦታ ላይ በእርሳስ ታሰምርበታለች። ብዙ እርሳስ ያስፈልጋታል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ከታች የሚሰፋው ሱሪ ሌላው አገር ከተወው በኋላ ደሴ ገብቶ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በቁርጭምጭሚታችን እየገባ በአንገታችን የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ፒያሳ ላይ በስሙኒ ሻይ ከነብስኩቱ ይጠጣል። ሻይ ቤቱ ያለችው አንዲት ካሴት ስለሆነች ቀኑን ሙሉ እሷው ትዞራለች፤ ጠዋት ጎረምሳ የነበረው ዘፋኝ፣ የቴፑ ባትሪ ሲደክም፣ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ይሆናል። ካኪ ሳፋሪ ኮት የለበሰ ሰው ካድሬ ነው፤ ካልሆነም ካድሬ መምሰል የሚፈልግ ነው። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ፤ ኮቱ ማደያ ላይ ይጠቅማል። ዛሬ ማደያው ጋ አንድ ኪሎ ሜትር የተኮለኮለውን የባጃጅ ሰልፍ ሲያዩ ወጣቶቹ የዓለም መጨረሻ የመጣ ይመስላቸዋል። ኧረ በአላህ! እኛ ሰልፉን ከመሰለፋችን በፊት ለመሰለፍ የሚያበቃ ወረቀት ለማግኘት የምንሰለፍ ሰዎች ነበርን። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ ኩፖኑ ማኅተም ይፈልጋል፤ ማኅተሙ ያለው ሰውዬ ዘንድ ነው፤ ሰውዬው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ይህን ሁሉ አልፌ የማገኛት በሳምንት አራት ሊትር ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት በኩፖኔ ቀድቼ ስመለስ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ የምሄደው ጥምቀት ላይ ታቦት እንደሚሸኝ ሰው እርምጃዬን እየቆጠርኩ ነው።

ለማን? ለእሜቴ። እሜቴ ሞተር ብስክሌቴ ናት። አባቴ ትቶልኝ ያለፈው ሀብት እሷና ከእሷ የሚወጣው ጭስ ነበር። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ከአባቴም ሳትበልጥ አትቀርም። ከመንቀጥቀጧ የተነሳ ከተቀመጡባት በኋላ ደርዝ ያለው ነገር ሁሉ ይረግፋል፤ አንድ ጊዜ ከፒያሳ ስነሳ የነበረኝን ሐሳብ ሆጤ ስደርስ አጥቼዋለሁ። ሰልባትዮዋ፣ ማለት የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ፣ ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳይ ምንም ነገር የላትም። አቀማመጡ እንደ በቅሎ ኮርቻ ግራና ቀኝ የተንጠለጠለ ነው። ክዳኑ ወደ መሪው ቀረብ ይላል፤ መውጫው ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ አለቀ ብላ ስትቆም ወርጄ በጎኗ አስተኛታለሁ፤ ከወዲያኛው ጉያ የተረፈው ወደዚህኛው ሲንሸራተት ጆሮዬን ለጥፌ እሰማለሁ፣ አነሳታለሁ፣ ሁለት ኩርባ ትሄዳለች። መንገደኛው ሞተር እንደ ሕፃን እሹሩሩ ብዬ የማስተኛ መስሎት ይስቃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቤንዚን ከቦታ ቦታ እንደሚሄድ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በወሎ ክፍለ ሀገር አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። መውረዱ ደስ ሲል! ከሆጤ በራችን ጀምሮ ሞተሩን አላስነሳም፤ ፎሌ አደርጋታለሁ፤ ማርሽ የለ፣ ድምፅ የለ፣ የነፋስ ፉጨት ብቻ። ቀዝቃዛው አየር በየኩርባው እየሞቀ ይሄዳል። አንዲት ጠብታ ቤንዚን ሳላቃጥል ኮምቦልቻ ደጃፍ ላይ እደርሳለሁ፤ ሜዳ ሲያጋጥመኝ በእግሬ እየቀዘፍኩ። መመለሱ ግን የቁጣ ጉዞ ነው። የሐረጎን ዳገት ስትጀምር እሜቴ ሁለት ወር ጾሞ ሥጋ እንዳየ ሰው ትሆናለች። ትጠጣለች፣ ትጠጣለች፣ ኩርባው ላይ ደርሳ ትቆማለች። አስተኛታለሁ፣ ሁለት ኩርባ። እገፋታለሁ። አውቶቡስ በመስኮት የብርቱካን ልጣጭ ይጥልብኛል። እሰድባታለሁ፣ እለምናታለሁ፣ በሰልባትዮዋ አፍ ትንፋሼን እነፋባታለሁ፤ እንደገና እገፋታለሁ። በሕይወቴ የተናደድኩትን ንዴት ሁሉ ቢመዝኑት ግማሹ ሐረጎ ላይ ነው ያለው፤ ሄዳችሁ ብትቆፍሩ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ምን ፈልገህ ነው በየሳምንቱ የምትወርደው ካላችሁኝ፣ ሉባባን ነው። ሉባባ የጋሽ እንድሪስ ልጅ ናት፤ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ከአባቴ ጋር በአንድ የጭነት መኪና አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ፣ በጡረታ የተቀመጡ ሾፌር ናቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ አልቅሰው ሲጨርሱ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሞተሯ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚል ነበር። ለሳቸው ነዳጅ መቆጠብ ከሃይማኖት ቀጥሎ ያለ ነገር ነው። «ነዳጅ የሚበላው ሞተር አይደለም፤ እጅ ነው» ይሉኛል፤ የጋዝ አያያዝ በባዶ ሜዳ እያለማመዱኝ። «ቁልቁለት የአላህ ስጦታ ነው። ሞተር አስነስቶ የሚወርድ ሰው ስጦታ የሚመልስ ባለጌ ነው።» እሜቴን ግቢያቸው ውስጥ ከጥላው ሥር አቆማታለሁ። ሉባባ ማስታጠቢያ ይዛ ትመጣለች፤ ውሃውን ስታፈስልኝ እጄን ከሚገባው በላይ እታጠባለሁ። ቆዳዬ ሳሳ። እንበላለን። ከዚያ እሷ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ «ዛሬስ ሐረጎ ላይ ስንት ጊዜ ልታስተኛት ነው?» ትለኛለች። በቃ፣ ለዚህች ጥያቄ ነበር ያን ሁሉ ዳገት የምገፋው።

ነገሩ የተበላሸው በመፋቂያዬ ነው። ያኔ ሁላችንም ከአፋችን የወይራ መፋቂያ አይጠፋም። አንድ ቅዳሜ፣ ሆጤ ግቢያችን ውስጥ አራቷን ሊትር ከጨመርኩ በኋላ፣ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለማወቅ መፋቂያዬን አውጥቼ ሰልባትዮው ውስጥ ነከርኩት። ቤንዚኑ የደረሰበት ላይ በምላጭ አንድ ደህና ምልክት ቆረጥኩ። ከዚያ ሳላስበው ወደ አፌ መለስኩት። ሦስት ቀን ያገሳሁት ግሳት ከቤንዚን ማደያ አይለይም ነበር፤ ፒያሳ ላይ ሰው ሲጋራ ሊለኩስ ሲል ፈቀቅ እል ነበር። ከዚያ በኋላ መፋቂያው ከጥርስ ሥራ ተሰናብቶ የእሜቴ መለኪያ ሆነ።

በዚያው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ልመለስ ስል ነከርኩት። ሁለት ጣት ጎድሏል! ቆይ፣ ስወርድ ሞተር አላስነሳሁም። የት ሄደ? ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ፣ ያለበት ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ምልክት ቆረጥኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሆጤ ላይ እስከ ትልቁ ምልክት ሞላ፤ ከኮምቦልቻ ልነሳ ስል ሁለት ጣት ጎደለ። ሌላ ቀጭን ምልክት። በሦስተኛውም እንደዚያው። ለምን እንደደረስክ አልለካኸውም ትሉኝ ይሆናል። ሉባባ በር ላይ ቆማ ማን ሰልባትዮ ይከፍታል?

ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ መቼ እንደያዘህ አታውቀውም። ጋሽ እንድሪስ በጨርቅ ቤንዚን ነክረው የጀለቢያቸውን እድፍ ያሻሉ። ላይተራቸው በቤንዚን ነው የሚሠራው። ጎንበስ ብለው እሜቴን ሲመረምሩ ስንቴ አይቻለሁ! እኔ ሐረጎ ላይ ደረቴ እስኪሰነጠቅ ስገፋ፣ ሳቁ በማን ነው? አላልኩም፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ምልክት ብቻ እቆርጣለሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴ ጋሽ ዓሊና ጎረቤታችን መሪጌታ ነበሩ የሄዱት። በእኛ ሠፈር ለትልቅ ነገር ጠምጣሚ ከሁለቱም ሃይማኖት ቢሄድ ነገሩ ይባረካል ይባል ነበር። መጀመሪያ «እናስብበት» ተባሉ፤ ሁለተኛ «ዘመድ እናማክር»፤ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አውቶቡሱ ሞልቶ አጎቴ ቆመው ሲሄዱ፣ መሪጌታን እኔ ከኋላ አፈናጥጬ ወረድኩ። ደንቡ ጠያቂው እንዳይታይ ስለሆነ ውጭ ጥላው ሥር ከእሜቴ ጋር ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ሁሉም ይሰማል። ጋሽ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ያ ጀማዓ፣ የወዳጄ ልጅ ነው፤ ሰጥቻለሁ» ሲሉ፣ ወላሂ፣ ከመሬት ሁለት ክንድ ተነስቼ ነው የወረድኩት። ከዚያ «ልጁን ጥሩት፤ ምሳውን በልቶ ዱዓ እናደርጋለን» አሉ።

ተበላ። ለመሪጌታ ለብቻቸው ምስር ተሠርቶላቸው ነበር፤ ከሁላችን በላይ የበሉት እሳቸው ናቸው። ከምግቡ በኋላ ወጣ ብዬ ለመልሱ ስንቅ እንዳለኝ ልለካ መፋቂያዬን ነከርኩ፤ እንደ ልማዱ ሁለት ጣት ጎድሏል። ምልክቴን ቆርጬ፣ እንጨቱን የደረት ኪሴ ውስጥ ሰክቼ ተመለስኩ። መሪጌታ የሐረጎ ነገር አስጨንቋቸው ኖሯል።

«ልጅ ሰይድ፣ ቤንዚኑ ያደርሰናል ወይ?» አሉኝ።

እንግዲህ ደስታ አለ፤ ጥጋብ አለ፤ አፍ አለ። የእኔን አፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

«መሪጌታ» አልኩ፣ «ጋሽ እንድሪስ ልጃቸውን ለመስጠት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ አመላለሱን። ቤንዚኔን ሲወስዱ ግን አንድ ቀን እንኳ ሽማግሌ አልላኩብኝም!»

አጎቴ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ብቻውን መሆኑን ሲያዩ መሀል ላይ ቆረጡት።

ጋሽ እንድሪስ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ምን አልክ ሰይዶ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ቀልዴን ነው ጋሽ እንድሪስ!»

«ቀልድህንስ ነው። ግን ጎድሏል ወይ?»

«ኧረ ይተዉት እባክዎ…»

«ሠላሳ ዓመት የሰው ነዳጅ ይዤ በረሃ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ጎድሏል ወይ ነው የምልህ?»

«ሁለት ጣት» አልኩ።

«በምን ለካኸው?»

እንጨቱን ሰጠኋቸው። አሽትተው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉት። «ይቺ ትልቋ የመነሻህ ናት። እነዚህ ደቃቃዎቹስ?» ሉባባ ማስታጠቢያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀረብ ብላ ከአባቷ እጅ እንጨቱን ተቀበለች፤ በአውራ ጣቷ ጥፍር አንድ በአንድ ዳሰሰችው።

«አሥራ አንድ» አለች። መልሳ ሰጠቻቸውና ወጣች። ሌላ ምንም አላለችም።

«ኑ ውጡ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ሁላችንም ግቢ ወጣን። «ይህን ምልክት የቆረጥከው ሆጤ ነው?»

«ግቢያችን ውስጥ።»

«ፊቷን ወዴት አዙረህ?»

«ወደ በሩ።»

«በራችሁ ቁልቁል ነው?»

«ጋሽ እንድሪስ፣ ደሴ ውስጥ ቁልቁል ያልሆነ በር የት አለ?»

ይህን ስል እንኳ አልገባኝም፤ ዕውር ነበርኩ። እሳቸው ከኩሽና ሙቀጫ አስመጥተው ደፉት። «ዓሊ፣ በዚያ በኩል ያዝ። መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከኋላ ብድግ ያድርጓት።» መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ እሜቴን ከኋላዋ ተሸከሟት፤ የኋላ ጎማዋ ሙቀጫው ላይ ወጣ፤ አፍንጫዋ ወደ መሬት ዘቀዘቀ፤ ልክ ሆጤ እንደምትቆመው። ሰልባትዮው ውስጥ ቤንዚኑ ሿ ብሎ ወደ ፊት፣ ወደ ክዳኑ ሥር ሲሄድ አራታችንም ሰማነው። ጋሽ እንድሪስ እንጨቱን ነክረው አወጡ። እስከ ትልቁ ምልክት ረጥቧል። አንዲት ጠብታ እንኳ ሳይጎድል።

«ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ደግሞ አይዋሽም» አሉ። «ሐረጎ ላይ የምትቆምብህ ሌባ ስላለ አይደለም። ድሮም ያልነበረህን ነው የምትቆጥረው።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። «አውፍ ብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ» አሉኝ፤ የልባቸውን እንደሆነ ዓይናቸው ይናገር ነበር። «ሰጥቻለሁ ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ግን ኒካህ ያለ ልጅቷ ፈቃድ አይታሰርም። ሂድ ራሷን ጠይቃት።»

በሩ ጋ ነበረች። «ሉባባ፣ በአላህ፣ ቀልድ ነው እኮ» አልኳት።

«ቀልዱን አባዬ ይቅር ብሎሃል፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ። ቀልድ ከአፍ ያመልጣል።»

«እና?»

«እንጨቱ አላመለጠህም። አሥራ አንድ ቅዳሜ እጅህን ያስታጠብኩህ እኔ ነኝ። አሥራ አንዱንም ቅዳሜ ታጥበህ፣ ከአባዬ ጋር ከአንድ ገበታ በልተህ፣ አላህ ይስጥልኝ ብለህ፣ ወጥተህ ለካኸን። አንድ ቀን እንኳ ‹ጋሼ፣ ቤንዚኔ ጎደለ› ብለህ ብትጠይቀው፣ ሙቀጫውን ያን ቀን ያመጣልህ ነበር።»

እጄ ሳላስበው እንጨቱን ፍለጋ ወደ ደረት ኪሴ ሄደ።

«ነገ ቤትህ ብገባ እኔንስ በምን ትለካኛለህ ሰይዶ?» አለች። አልተሳደበችም፤ አላለቀሰችም። መልሱ በእርግጥ አስጨንቋት እንደጠየቀች ሰው ነበር የጠየቀችኝ። ትንሽ ጠበቀችኝና ወደ ውስጥ ገባች።

አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ የቱ እንደሆነ አላውቅም። መፋቂያው? ደሴ? ከተማ ሲቆረቁሩ አንዲት ሜዳ ያላስተረፉልን ሰዎች? በዚህ ሁሉ ዘመን ተቆጥቼ የጨረስኳቸው ናቸው። ከእነሱ ሁሉ ኋላ ግን ሁልጊዜ የማገኘው ያን ጎልማሳ ነው፤ ቤንዚን በጎኑ ሲፈስ በጆሮው እየሰማ፣ አንድ ቃል ከመጠየቅ እንጨት መቁረጥ የቀለለውን።

ሞተሬን ላስነሳ ስል ጋሽ እንድሪስ «ቁም!» አሉኝ። «በዚህች ቤንዚን መሪጌታን ሐረጎ ላይ ልታስገፋቸው ነው?» የጎማ ቱቦና ጣሳ ይዘው ወደ ጎረቤታቸው ትንሽ መኪና ሄዱ። ቱቦውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሳቡ፤ ቤንዚኑ ጉሮሯቸው ሲደርስ አሳላቸው፣ ተፉት፣ ደግመው ሳቡ። በቤንዚን ሌብነት ያማኋቸው ሰው በአፋቸው እየሳቡ ሰልባትዮዬን እስከ አፉ ሞሉልኝ። «ይኸውልህ» አሉ አፋቸውን በእጀ ጠባባቸው እየጠረጉ። «የሞላ ነገር ደሴም ብትለካው ኮምቦልቻም ያው ነው። ሂድ።»

ሐረጎን ጀመርነው። እሜቴ ሁለት ሰው ይዛ ያን ዳገት ወጥታ አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን የወጣትነቷ መንፈስ ሰፈረባት። አንደኛውን ኩርባ አለፈች። ሁልጊዜ የምትቆምበትን ሁለተኛውንም። መሪጌታ ከኋላዬ ወገቤን ጨብጠው «ተመስገን! ዛሬስ በቅሎ ሆናለች!» ይላሉ። እኔ ግን በየኩርባው ያረቢ አቁማት፣ ያረቢ አቁማት እላለሁ። በራሴ አዙሬ የምመለስበት ልብ አልነበረኝም። እሷ ብትቆምልኝ፣ ምን ላድርግ ብዬ አዞራት ነበር፤ ቁልቁለቱ በነፃ ነው፤ ሞተር ሳላስነሳ፣ ጠብታ ሳላቃጥል፣ እስከ ሉባባ በር እወርድ ነበር፤ ደርሼም የጠየቀችኝን እመልስላት ነበር።

አልቆመችም።